የትናንቱ መና

ሰው በልማዱ ይጠቀማል፤ በልማዱም ይጎዳል። ማለዳ መነሣት፣ ፊትን መታጠብ፣ ታላቅን ሲያዩ ከመቀመጫ ተነሥቶ እጅ መንሣት፣ ይህ ሁሉ በልማድ ባይጸና ኖሮ በየቀኑ እንደ አዲስ ልንማረው በተገባን ነበር። ልማድ ደካማውን ሰው ደግፎ የሚያቆም ምርኩዝ ነው። ነገር ግን ልማድ ሲያረጅ ፍሬው ይወድቅና ገለባው ብቻ ይቀራል። እጅ ይሠራል፣ አፍ ይናገራል፣ ልብ ግን ሌላ አገር ይውላል። እንዲህ ከሚያረጁት ልማዶች መካከል ጉዳቱ የከፋው ሰው በየዕለቱ ከአምላኩ ጋር ብቻውን የሚቆይበት የጽሞና ሰዓት ነው። እርሻ ሲከሳ ጎረቤት ያያል፤ ልብስ ሲያልቅ መንገደኛ ያያል፤ ጸሎት ሲያረጅ ግን ከባለቤቱና ከፈጣሪው በቀር የሚያይ የለም። ስለዚህም ብዙ ዘመን ሳይጠገን ይኖራል።

በኦሪት ዘጸአት በ16ኛው ምዕራፍ እስራኤል በምድረ በዳ መና እየበሉ የኖሩበት ታሪክ ተጽፏል። ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ ለቤተ ሰቡ የሚበቃውን ማለዳ ማለዳ ይለቅማል፤ ፀሐይ ሲሞቅ በሜዳ የቀረው ይቀልጣል፤ ለነገ ብሎ ያሳደረ ሰውም በማግሥቱ ተልቶና ሸቶ ያገኘዋል። ከሰንበት ዋዜማ በቀር ማሳደር አልተፈቀደም። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ የተላው መና መጀመሪያውኑ መጥፎ ምግብ አልነበረም። ትናንት ማለዳ ከሰማይ የወረደ፣ የማር ጣዕም ያለው መልካም እህል ነበር። ያበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የትናንት መሆኑ።

እኛም ከሃያ ዓመት በፊት ልባችንን የነካውን ቃል ዛሬም ደጋግመን እንናገራለን፤ በዚያን ጊዜ የጸለይነውን ጸሎት ቃሉን ሳንለውጥ ዛሬም እናደርሳለን። ቃሉ መልካም ነው፤ ጸሎቱም እውነት ነበር። ነገር ግን ሳይታደስ አድሯል። በአገራችን ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። አቦሉ ወፍራም ነው፤ ቶናው በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ይፈላል፤ በረካው ደግሞ ከዚያ ቀጥኖ በፍቅርና በምርቃት ይጠጣል። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ዐሥረኛ ውሃ እየጨመረ ለእንግዳ የሚያቀርብ ባለቤት ግን አላየሁም። ለእንግዳ የማናደርገውን ለአምላካችን ስናደርግ አለማፈራችን ያስገርማል።

ይህን ስል የጸሎት ሰዓት መወሰን ከንቱ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ወጣቶች አንባቢዎቼ ይረዱልኝ። ሰዓት መወሰን የአባቶቻችን ጥበብ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቀንና በሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ይባላሉ። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ልጅ ዳዊት ሲደግም ያድግ ነበር፤ ዳዊት መድገም የጨረሰ ልጅም በመንደሩ የተማረ ተብሎ ይከበር ነበር። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን የንጉሡ ዐዋጅ ሲያስፈራራው እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ መጸለዩን አልተወም። በባሕር ማዶም እንዲሁ ነው። በጀርመን አገር በሄርንሁት መንደር ይኖሩ የነበሩ የሞራቪያ ክርስቲያኖች እ.አ.አ. በ1728 ዓ.ም. ለያንዳንዱ ቀን አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል መርጠው ከቤት ወደ ቤት ማድረስ ጀመሩ። ከ1731 ዓ.ም. አንሥቶ ይኸው ቃል በየዓመቱ በመጽሐፍ እየታተመ ይወጣል፤ እስከ ዛሬም አልተቋረጠም። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልማድ ነው ማለት ነው።

እኔም ያደግሁት በእንዲህ ያለ ሥርዓት ነው። የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጎሕ ሲቀድ የሚደወል ደወል ነበረው። ደወሉ እንደ ተሰማ እያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፉን ይዞ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ጨሞ ይቀርባል። በሌላ አገር ላላችሁ ልንገራችሁ፤ ጨሞ ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብል፣ ከበርበሬና ከልዩ ልዩ ቅመም የሚፈላ የአገራችን የጠዋት መጠጥ ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ከሂሳብና ከእንግሊዝኛ ትምህርት ይልቅ በሕይወቴ ውስጥ ሰንብቷል። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሸዋ ቤንችና ዛሬ ከአማን ጋር ተቀላቅላ ሚዛን አማን በምትባለው በሚዛን ተፈሪ ዙሪያ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ በቴፒ፣ አንዳንዶቹ በበበቃ የቡና እርሻ፣ አንዳንዶቹም በአዲስ አበባ ሥራ ይዘዋል። ወደ ቤቴ ሲመጡ ስለ ብዙ ነገር ያወሩኛል። ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ነገር አንዱ ግን ይህ ነው፤ «መምህር፣ እጸልያለሁ፣ አነባለሁ፤ ነገር ግን ምንም አይሰማኝም፤ ምን ላድርግ?»

ስለ አንዱ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ከቡና ነጋዴዎች ለአንዱ ተቀጥሮ እሸት ቡና ከገበሬ እየመዘነ የሚረከብ ወጣት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በዓመት ለመጨረስ ዕቅድ አውጥቼ በየቀኑ አራት ምዕራፍ አነባለሁ። ያነበብሁትን ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልዘለልሁም። ልቤ ግን እንደ ድንጋይ ነው።» እኔም፣ «ዛሬ ጠዋት ያነበብኸው ስለ ምን ነበር?» አልሁት። ጥቂት አሰበ። መጽሐፉን አወቀው፤ ምዕራፎቹንም በቍጥር ነገረኝ። በውስጣቸው ያለውን ግን አንዱንም ሊያስታውስ አልቻለም።

በዚህ ጊዜ ያልሁት እርሱ በየቀኑ ከሚያየው ሥራ የተወሰደ ምሳሌ ነው። ቡና ባንድ ዛፍ ላይ ሳለ ሁሉም ባንድ ቀን አይበስልም። ባንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጐን ለጐን ይታያል። ብልህ ለቃሚ ቀዩን ብቻ መርጦ ይለቅማል፤ ሌላውን ይተወዋል፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ደግሞ የበሰለውን ይለቅማል። ችኩሉ ግን እጁን በቅርንጫፉ ላይ ስቦ ያገኘውን ሁሉ ይገፍፋል። ጆንያው ቶሎ ይሞላል፤ ቡናው ግን ጥሬው ከበሰለው ተደባልቆ ዋጋው ይወድቃል፤ ለሚመጣው ዓመት የሚያብበውም ቅርንጫፍ ይጎዳል። አራት ምዕራፍ አንብቦ አንድ ቃል ሳይዝ የሚነሣ ሰው ቡና ገፋፊ ነው። ጆንያ ሞላ እንጂ ለቅሞ አልገባም።

ከዚህ ጋር የአንድ ትልቅ ሰው ታሪክ አወሳሁለት። ጆርጅ ሙለር በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ብዙ ሺህ ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደገ የጸሎት ሰው ነው። እርሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ቀድሞ ማለዳ ሲነሣ ወዲያው ወደ ጸሎት ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ እየባዘነበት ብዙ ደቂቃ ያልፍ ነበር። እ.አ.አ. በ1841 ዓ.ም. ሥርዓቱን ለወጠ። አስቀድሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ቃል እየመረጠ፣ እያንዳንዱን ቃል ስለ ራሱ ነፍስ እያሰላሰለ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጸሎቱ ሳይጠራ ይመጣ ጀመር፤ ምስጋናውም፣ ንስሓውም፣ ልመናውም ካነበበው ቃል ይወለድ ነበር። የመጀመሪያው የዕለት ሥራዬ ነፍሴን በጌታ ደስ ማሰኘት ነው ብሎ አመነ። ሰዓቱን አላስረዘመም፤ የሚሠራበትን መንገድ ግን ለወጠ።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የአንድ ሳምንት ሥራ ሰጠሁት። አራቱን ምዕራፍ ትቶ በየጠዋቱ ሦስት ቍጥር ብቻ እንዲያነብ፣ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ እንዲደግመው፣ ከዚያም መጽሐፉን ከድኖ፣ «ይህ ቃል ዛሬ ከእኔ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ መከርሁት። የሚያነበውንም መርጬ ሰጠሁት፤ የነቢዩ አሞጽ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 8፣ ከቍጥር 4 እስከ 6 ነበረ። የመረጥሁለት የነጋዴ ነገር ስላለበት ሥራውን ይመስላል ብዬ ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ፊቱ ተለውጦ ነበር። በዚያ ክፍል ነቢዩ የሚገሥጻቸው ነጋዴዎች ሰንበት እስኪያልፍ የሚቸኩሉ፣ መስፈሪያውን የሚያሳንሱ፣ ሚዛኑን በተንኮል የሚያዛቡ፣ ድኻውን በጥቂት ገንዘብ የሚገዙ ናቸው። ወጣቱም አንገቱን ደፍቶ የሥራውን ነገር አጫወተኝ። ገበሬዎቹ፣ ይልቁንም እናቶች፣ ቀይ ቡናቸውን በማዳበሪያ ተሸክመው ከሩቅ ያመጣሉ። ባዶው ማዳበሪያ ከመቶ ግራም ብዙ አይበልጥም። አሠሪው ግን «ለማዳበሪያው» እያለ ከየሸክሙ ሁለት ኪሎ እንዲቀንስ አዝዞት ኖሯል። ሴቶቹ ቍጥሩን ማንበብ ስለማይችሉ ዝም ይላሉ፤ የሚችሉትም ሌላ ገዢ ስለሌለ ዝም ይላሉ። «ጋሼ» አለኝ፣ «ይህን ክፍል በዕቅዴ መሠረት አምና አንብቤዋለሁ። ምልክትም አድርጌበታለሁ። ሚዛኑ ላይ ቆሜ ግን አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።»

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተማርሁ፤ ለእናንተም የማስተላልፈው ዋናው ነገር ይህ ነው። የጸሎት መድረቅ ሁልጊዜ ከመሰልቸት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከሽሽት ይመጣል። ልባችን አንድ ነገር ደብቆ ሲይዝ ዓይናችን በፍጥነት ማንበብን ይለምዳል፤ ቀስ ብለን ካነበብን የሚይዘን ቃል እንዳለ እናውቃለንና። አፋችንም ብዙ መናገርን ይለምዳል፤ ዝም ካልን የምንሰማው ነገር አለና። እንዲህ ላለው ሰው አዲስ የንባብ ዕቅድ፣ አዲስ መዝሙር፣ አዲስ መጽሐፍ ቢሰጡት አይጠቅመውም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሸሸበት ነገር ጋር በአምላኩ ፊት ቆሞ መገናኘት።

ወጣቱ በማግሥቱ ለአሠሪው፣ «እኔ የማዳበሪያውን ክብደት ብቻ ነው የምቀንሰው» ብሎ ነገረው። አሠሪው ሳቀበት፤ ሳምንት ሳይሞላም ከሥራው አስወጣው። የቡናው ወራት ገና እኩሌታ ላይ ነበር። ሚስትና ትንሽ ልጅ አለው። ስለዚህ ጸሎትህን አድስ ስንል ቀላል ነገር የምንናገር አይምሰላችሁ፤ ይህ ልጅ የታደሰ ጸሎቱን በደመወዙ ገዝቶታል። በኋላ ሲመጣ፣ «ጠዋት ጠዋት አሁን ምን ይሰማሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ደስታ ይሰማኛል አላለኝም። «የሚሰማኝ ሰው ያለ ይመስለኛል» አለኝ። እኔም ከዚህ የበለጠ መልስ አልጠብቅም ነበር። ዛሬ ከወንድሙ ጋር ጥቂት ኮረሪማና ማር እየገዛ ይሸጣል። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ሚዛኑ ግን ልክ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሌላ የጽሞናን ሰዓት ለማደስ የሚረዱ ጥቂት ምክሮች ልጨምር።

አንደኛው ስለ ስፍራና ስለ ጸጥታ ነው። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ እንደ ጸለየ በማርቆስ ወንጌል በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፏል። ትናንት ማታ ከተማው ሁሉ ድውዮችን ይዞ በደጅ ተሰብስቦ ነበር፤ ሲነጋም እንደገና ይፈልጉታል። እርሱ ግን ሕዝቡ ሳይደርስ አስቀድሞ ከአባቱ ጋር ተገናኘ። የዛሬ ወጣት ደጃፉ ላይ የሚሰበሰበው ሕዝብ በእጁ ባለው ስልክ ውስጥ ነው። ገና ዓይኑን ሳይገልጥ የመቶ ሰው ወሬ፣ ሳቅና ጠብ ወደ አልጋው ይገባል። ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡት በስልክ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን ለዚያች ሰዓት የወረቀቱን መጽሐፍ አንሡ፤ ስልኩንም በሌላ ክፍል አስቀምጡት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ልብ ከአንድ ሰዓት ግማሽ ልብ ይበልጣል።

ሁለተኛው ስለ ቋንቋ ነው። በኛ አገር ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ካፊኛና ሌላም ቋንቋ ከአማርኛ ጋር ይነገራል። በቤቱ በእናቱ ቋንቋ የሚያወራ ሰው ለጸሎት ሲቆም የሰባኪውን አማርኛ ሲያመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያ ሰው ልጁ በታመመበት ሌሊት ግን የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው። የልቡ በር በየት በኩል እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከዚሁ ከምዕራቡ አገር፣ ከኢሉባቦር፣ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ሰው ነው። እ.አ.አ. በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ ተማረ፤ ከዚያም አስቴር ጋኖ ከምትባል እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣች ሴት ጋር እየተረዳዳ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር ታተመ። በልጅነቱ የተነጠቀውን ቋንቋ ለአምላኩ ቃል ማደሪያ ያደረገ ሰው፣ እግዚአብሔር በእናቱ ቋንቋ እንደሚሰማው ያመነ ሰው ነው። እናንተም አንዳንድ ቀን የተማራችሁትን የጸሎት ቃል ሁሉ ትታችሁ በልጅነታችሁ ለእናታችሁ በምትናገሩበት አነጋገር ጸልዩ። አዲስ ነገር ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው ስለ ሌሎች ሰዎች ማሰብ ነው። የራሱን ጕዳይ ብቻ የሚጸልይ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፤ ጕዳዩ አንድ ዓይነት ነውና። እኔ በደብተር ላይ የተማሪዎቼን ስም ጽፌ በየቀኑ ሦስት ሦስቱን አስባለሁ። ለአንዱ ስጸልይ፣ «ይህ ልጅ አሁን የት ነው? ደኅና ነውን?» እላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ከጸሎት ተነሥቼ እደውልለታለሁ። ያን ጊዜ ስልክም ለመልካም ሥራ ይሆናል።

አራተኛው ጸሎትን ከሥራ አለመለየት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ገዳም ይኖር የነበረ ወንድም ሎራን የሚባል መነኵሴ ሥራው ወጥ ቤት ነበር። በድስትና በሳህን ጩኸት መካከልም በጸሎት ቤት ተንበርክኮ እንደሚሆነው ያህል በአምላኩ ፊት ሆኖ ይሠራ ነበር። ስለ ንግግሩና ስለ ደብዳቤዎቹ የተጻፈው ትንሽ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ማለዳ የተያዘች አንዲት ቃል ቀኑን ሙሉ በልብ ስትመላለስ፣ በእርሻም፣ በገበያም፣ በክፍልም ውስጥ የጽሞና ሰዓት ይቀጥላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን የደረቅ ጊዜ ይመጣል። ሰው ምንም ሳይደብቅ፣ ቀስ ብሎ እያነበበ፣ ስልኩን አርቆ ሳለ ልቡ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ተስፋ አትቍረጡ። በኛ አገር የቡናን አበባ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የአበባው እምቡጥ በበጋው በቅርንጫፉ ላይ ተጨብጦ ተኝቶ ይቆያል። ደረቁ ወራት ለገበሬው ያሳስባል፤ ለእምቡጡ ግን ያስፈልገዋል። ዝናም ሳያቋርጥ ቢዘንብ ቡናው እየተንጠባጠበ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያብባል እንጂ ባንድነት አያብብም። ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናም ሲወርድ ግን፣ ከሳምንት ጥቂት አለፍ ሲል፣ እርሻው ሁሉ ባንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል፤ ሽታውም መንገደኛን ያቆማል። አበባው ከሁለትና ከሦስት ቀን አይበልጥም፤ ፍሬው እስኪበስል ግን ሰባት፣ ስምንት ወር ይፈጃል። የሚሰማን ደስታ አበባ ነው፤ ይረግፋል። በስሩ የተቋጠረው ፍሬ ግን ዝም ብሎ ያድጋል። ስለዚህ በደረቁ ወር ዛፉን የሚቈርጥ ገበሬ እንደሌለ ሁሉ በደረቁ ወር ጸሎቱን የሚተው ክርስቲያን ሊኖር አይገባም።

ይህ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያንም ታሪክ ነው። በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዘመን የወንጌል መልእክተኞች ከወላይታ ሲባረሩ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸውም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ታሰሩ፤ ተገረፉ። ጣልያን ከወጣ በኋላ መልእክተኞቹ ሲመለሱ ምእመናኑ ዐሥር ሺህ ያህል ሆነው ጠበቋቸው። በ1970ዎቹ በደርግ ዘመንም ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ። እኔ በዚያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ። መጽሐፍ ቅዱስ በእህል ጎተራ ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ ማታ በአንድ ቤት አምስት ስድስት ሆነን በኩራዝ ብርሃን አንዲት ገጽ እናነብ ነበር። ድምፃችን እንዳይሰማ በሹክሹክታ ስለምናነብ እያንዳንዱ ቃል ይከብድ ነበር። ዛሬ መጽሐፉ በገበያ ይሸጣል፤ በስልክም በነጻ ይገኛል። ያ ክብደት የቀነሰው ቃሉ ስለ ተለወጠ አይደለም። የቸኰልነው እኛ ነን።

ያን የስደት ዘመን ተመለስ የሚል ጸሎት የለኝም። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ በነጻነት ዘመን ለሚያነቡ ሰዎች የተሰጠውን ፈተና ተቀበሉ እላለሁ። የእናንተ ፈተና ወታደር አይደለም፤ ጥድፊያ ነው፤ ብዛት ነው፤ ልማድ ነው። ከእነዚህ ጋር የሚደረግ ጦርነት ጩኸት የለውም፤ የሚያጨበጭብም የለም። ነገ ማለዳ አንድ ክፍል ምረጡ፤ ከዐሥር ቍጥር አይብለጥ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቃሉ በአንድ ነገር ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ እጁን አትግፉ፤ ያ የተነካው ቦታ የታመመው ቦታ ነውና። ከዚያም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ መልሱለት። ቀኑ ሲውል የሚያገኛችሁ ሰው፣ ገዢም ሆነ ሻጭ፣ ተማሪም ሆነ ጎረቤት፣ በሚዛናችሁ ላይ የጠዋቱን ቃል ክብደት ያግኝ።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ማለዳ የራሱ መና አለው። ለቃሚው ብቻ ይነሣ።